«አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት ነውን? አስቤስቶስን በማይክሮስኮፕ የመለየት ጥበብ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 በአውስትራሊያ ሲድኒ ከተማ፣ ሮዜል በተባለው ሰፈር፣ ለሕዝብ ከተከፈተ ገና ጥቂት ሳምንታት ያስቆጠረ አዲስ መናፈሻ በድንገት ተዘጋ። ለመዘጋቱ ምክንያት የሆነው አንድ ሕፃን ከመጫወቻው አካባቢ አንሥቶ ወደ ቤቱ ይዞት የሄደ ስባሪ ነበር። ስባሪው አስቤስቶስ ያለበት የግንባታ ቁሳቁስ መሆኑ ታወቀ። ምንጩ ሲፈለግም፣ የአትክልት ቦታዎችን አፈር ለመሸፈን ከተነሰነሰው የእንጨት ፍቅፋቂ ጋር ተቀላቅሎ የመጣ ሆኖ ተገኘ። ፍለጋው እየሰፋ ሲሄድ በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ከ70 በሚበልጡ ቦታዎች፣ በመናፈሻዎችና በትምህርት ቤቶች ጭምር፣ ተመሳሳይ ብክለት ታየ።

እንዲህ ያለ ስባሪ በዐይን ሲታይ ከተራ የሲሚንቶ ቁራጭ አይለይም። ሽታ የለውም፤ ክብደቱም ሆነ ቀለሙ ምስጢሩን አያወጣም። አንድ ወላጅ ይቅርና በግንባታ ሥራ ዕድሜውን የጨረሰ ባለሙያም «ይህ አስቤስቶስ አለበት፤ ይህ የለበትም» ብሎ በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ቁርጡን የሚናገረው በላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ማይክሮስኮፕና ከኋላው የተቀመጠው መርማሪ ዐይን ነው። ይሁን እንጂ ማይክሮስኮፕም የራሱ ወሰን አለው። የትኛው ማይክሮስኮፕ ለየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሚሰጥ አለማወቅ ከዚህ በፊት ብዙ ሰዎችን ያሳሳተ ጉዳይ ነው።

ከኮርኒስ እስከ ወለል

ጉዳዩ በውጭ አገር ከሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ ኅብረተሰብ የራቀ አይደለም። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በለንደን፣ በስቶክሆልም ወይም በፍራንክፈርት አሮጌ ቤት ገዝቶ ወለሉን ለመቀየር፣ ኮርኒሱን ለመፋቅ፣ ምድር ቤቱን አድሶ ለማከራየት የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። በሕንፃ ጽዳት፣ በቧንቧ፣ በቀለም ቅብና በእድሳት ሥራ የሚተዳደረውም እንዲሁ። አስቤስቶስ ደግሞ በብዛት የሚገኘው በእነዚህ ሥራዎች መንገድ ላይ ነው።

ማዕድኑ በ20ኛው ክፍለ ዘመን «ተአምረኛው ማዕድን» የሚል ቅጽል ያተረፈው ያለ ምክንያት አልነበረም። እሳት አይበላውም፤ ሙቀት አያሳልፍም፤ እንደ ጥጥ ይፈተላል። ስሙም «የማይጠፋ» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክኛ ቃል የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ኦስትሪያዊው ሉድቪግ ሃትሼክ አስቤስቶስን ከሲሚንቶ ጋር አዋሕዶ ቀጭንና ጠንካራ ሉሕ የሚሠራበትን ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ፤ ምርቱንም ከላቲኑ «ዘላለማዊነት» ከሚለው ቃል ወስዶ «ኤተርኒት» ብሎ ሰየመው። ከዚያ ወዲህ አስቤስቶስ በጣሪያ ሉሕ፣ በውኃ ቧንቧ፣ በቦይለርና በእንፋሎት ቧንቧ ሽፋን፣ በኮርኒስ ርጭት፣ በግድግዳ ስቱኮ፣ በወለል ንጣፍና ንጣፉን በሚያጣብቀው ጥቁር ሙጫ ውስጥ ገባ።

አገሮች አጠቃቀሙን የከለከሉበት ጊዜ የተለያየ ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1993፣ ብሪታንያ ሰማያዊውንና ቡናማውን በ1985፣ ነጩን በ1999 ከልክለዋል። የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች በሙሉ እስከ 2005 መጀመሪያ ድረስ እንዲያቆሙ ተደርጓል። በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣውን ሰፊ እገዳ በ1991 የይግባኝ ፍርድ ቤት አብዛኛውን ስለሻረው፣ ነጩን አስቤስቶስ የሚከለክለው ደንብ የወጣው ገና በማርች 2024 ነው። እስራኤል አስቤስቶስንና ጎጂ አቧራን የሚመለከት ሕጓን ያወጣችው በ2011 ሲሆን፣ በምዕራብ ገሊላ ከቀድሞ ፋብሪካ ወጥቶ መንገድና ግቢ የተደለደለበትን የአስቤስቶስ ዝቃጭ የማንሣት ሰፊ ሥራም ተካሂዷል። እገዳው ግን አዲስ ምርትን የሚመለከት ነው። ቀድሞ በግድግዳና በጣሪያ የገባው አሁንም በቦታው አለ።

ከሳንባ የተጀመረ ታሪክ

ማይክሮስኮፕና አስቤስቶስ መጀመሪያ የተገናኙት በግንባታ ቁሳቁስ ላይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1924 በእንግሊዟ የሮችዴል ከተማ ኔሊ ከርሾ የተባለች የ33 ዓመት የአስቤስቶስ ፈታይ ሠራተኛ አረፈች። ዶክተር ዊልያም ኩክ ሳንባዋን በማይክሮስኮፕ መርምሮ በሕብረ ሕዋሱ ውስጥ የማዕድን ቅንጣቶችን አገኘ፤ ግኝቱንም በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላም በሽታውን «አስቤስቶሲስ» ብሎ ሰየመው።

ሌላው ታላቅ ማስጠንቀቂያ የመጣው ከአፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ክሪስ ዋግነርና ባልደረቦቹ በደቡብ አፍሪካ የሰሜን ምዕራብ ኬፕ አካባቢ፣ ሰማያዊ አስቤስቶስ በሚወጣበት ምድር፣ በ33 ሰዎች ላይ የታየውን የሳንባ ሽፋን ካንሰር ዘገቡ። ሜሶቴሊዮማ የተባለው ይህ ካንሰር እጅግ ብርቅ ከመሆኑ የተነሣ በአንድ አካባቢ ተከማችቶ መገኘቱ ብቻውን ምስክር ነበር። ከታማሚዎቹ መካከል በማዕድን ማውጫው ያልሠሩ፣ በአካባቢው ያደጉ ብቻ የሆኑ ሰዎችም ነበሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሥራ ቦታ ለአስቤስቶስ መጋለጥ በዓመት ከ200 ሺህ በላይ ሰዎችን ለሞት ይዳርጋል። ነገሩን የሚያከብደው በሽታው ጊዜውን ጠብቆ የሚመጣ መሆኑ ነው። ቃጫው ከተተነፈሰበት ዕለት አንሥቶ ካንሰሩ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ያልፋል። ዛሬ በአቧራ ውስጥ የሠራ ወጣት ዋጋውን የሚከፍለው ምናልባት አያት በሆነበት ዕድሜ ነው። በዚህ የተነሣ አደጋውን በጊዜው የሚያሳውቅ ሕመም የለም፤ ቁሳቁሱን አስቀድሞ መመርመር ግድ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ስድስት ማዕድናት፣ አንድ ስም

አስቤስቶስ የአንድ ማዕድን ስም አይደለም። ቃጫማ ቅርጽ ላላቸው ስድስት የሲሊኬት ማዕድናት የተሰጠ የንግድ መጠሪያ ነው። በሁለት ቤተሰብ ይከፈላሉ። በመጀመሪያው ቤተሰብ ውስጥ ያለው ክሪሶታይል፣ በተለምዶ ነጭ አስቤስቶስ የሚባለው፣ ብቻ ነው፤ በዓለም ለንግድ ከዋለው አስቤስቶስ አብዛኛው ድርሻ የእርሱ ነው። ሁለተኛው ቤተሰብ አምፊቦል ሲሆን፣ ቡናማውን አሞሳይትን፣ ሰማያዊውን ክሮሲዶላይትን፣ እንዲሁም ትሬሞላይትን፣ አክቲኖላይትንና አንቶፊላይትን ይይዛል።

ልዩነታቸው የሚጀምረው ከአተሞች አሰላለፍ ነው። ክሪሶታይል በሁለት ዓይነት ንብርብሮች የተሠራ ነው፤ አንዱ ሲሊኮንና ኦክስጅን፣ ሌላው ማግኒዝየም ያለበት። የሁለቱ ስፋት እኩል ባለመሆኑ ንብርብሩ ጠፍጣፋ ሆኖ መቀመጥ አይችልም፤ እንደ ሰሌን ይጠቀለላል። እያንዳንዱ ጥቅልል ነጠላ ቃጫ ሲሆን ውፍረቱ 0.03 ማይክሮሜትር ያህል፣ ማለትም ከሰው ፀጉር ከ1000 ጊዜ በላይ የቀጠነ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይም ክሪሶታይል እንደ ተፈታ ገመድ ወይም እንደ ሐር ነዶ የሚታጠፍ፣ የሚጠማዘዝ ሆኖ ይታያል። አምፊቦሎች ግን በሰንሰለት የተደረደሩ ናቸውና ቀጥ ያሉ፣ መርፌ መሰል ቃጫዎች ይሆናሉ።

«ቀለማቸውም ስማቸውን ይናገራል» ብሎ ማሰብ ግን አሳሳች ነው። በሲሚንቶ ውስጥ የተቀበረ ሰማያዊ አስቤስቶስ ግራጫ ሊመስል ይችላል፤ በሙቀት ብዛት የተጎዳ ደግሞ ቀለሙን ይለውጣል። እንግዲህ መርማሪው ከቀለም ያለፈ ማስረጃ ያስፈልገዋል።

ብርሃንን ምስክር ማድረግ

አንድ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ሲደርስ መጀመሪያ የሚከፈተው አየሩ ተመጥጦ በሚጣራበት የተከለለ ጠረጴዛ ውስጥ ነው። መርማሪው ናሙናውን በስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ ሥር ከ10 እስከ 40 ጊዜ አጉልቶ ይመለከተዋል። ንብርብር ካለው እያንዳንዱን ለብቻው ይመረምራል፤ ቀለሙ፣ ስቱኮውና ልስኑ በአንድ ላይ ከተፈጩ በአንዱ ንብርብር ብቻ ያለው አስቤስቶስ በሌሎቹ ብዛት ሊዋጥ ይችላልና። ቃጫ መስሎ የታየውን ሁሉ በወረንጦና በመርፌ እየለቀመ በመስታወት ስላይድ ላይ ያኖራል። ይህ የትዕግሥት ሥራ የምርመራውን ግማሽ ይሸከማል። በዚህ ደረጃ ያልተለቀመ ቃጫ በቀጣዩ ደረጃ ሊገኝ አይችልም።

ከዚያ ዋናው መሣሪያ ይቀርባል፤ የፖላራይዝድ ብርሃን ማይክሮስኮፕ። ተራ ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ ይርገበገባል። ፖላራይዘር የተባለው ማጣሪያ ግን በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብቻ ያሳልፋል። ሁለት ማጣሪያዎች አንዱ ከሌላው ጋር ተሻግረው ሲቀመጡ ብርሃን ጨርሶ አያልፍም፤ በመመልከቻው ውስጥ የሚታየው ጨለማ ነው። በዚህ ጨለማ መካከል ግን የአስቤስቶስ ቃጫ ያበራል። ምክንያቱም በማዕድኑ ክሪስታል ውስጥ ብርሃን በቃጫው ርዝመትና በውፍረቱ አቅጣጫ በተለያየ ፍጥነት ስለሚጓዝ፣ የብርሃኑ ርግብግቢት አቅጣጫ ይለወጥና ከፊሉ ሁለተኛውን ማጣሪያ ያልፋል።

ይህ አንድ ዘዴ ብቻውን ብዙ ጥርጣሬ ያስወግዳል። ቤቶችን ከብርድ ለመከላከል በግድግዳ ውስጥ የሚገባው የመስታወት ሱፍና የድንጋይ ሱፍ እንደ አስቤስቶስ ቃጫማ ቢሆንም ክሪስታል አይደለም። በተሻገሩ ማጣሪያዎች መካከል ሲታይ ከጨለማው ጋር ይዋሐዳል፤ አያበራም።

መርማሪው ቀጥሎ ስላይዱ ያረፈበትን ክብ ገበታ ያሽከረክራል። ቃጫው እየዞረ በየ90 ዲግሪው ይጠፋና እንደገና ይበራል። የክሪሶታይልና የአሞሳይት ቃጫ የሚጠፋው ልክ ከማጣሪያው አቅጣጫ ጋር ሲሰለፍ ነው፤ ትሬሞላይትና አክቲኖላይት ግን ጥቂት ዲግሪ ዘንበል ብለው ሊጠፉ ይችላሉ። ከዚያም በብርሃኑ መንገድ ላይ 530 ናኖሜትር የሚባለው የቀለም ሰሌዳ ይገባል። ዳራው ሐምራዊ ቀይ ይሆናል። ክሪሶታይል ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ ሲጋደም ሰማያዊ፣ በተቃራኒው ሲጋደም ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ይሆናል። ከስድስቱ መካከል ክሮሲዶላይት ብቻ ይህን ሥርዓት ገልብጦ ያሳያል። ያለ ሁለተኛው ማጣሪያ ሲታይም እየዞረ ሰማያዊና ግራጫ እየሆነ ይለዋወጣል። በዚህ ድርብ ምልክት መርማሪው ሰማያዊውን አስቤስቶስ ከሌሎቹ ይለየዋል።

ከሁሉም የሚደንቀው ፈተና በዘይት የሚደረገው ነው። እያንዳንዱ ግልጽ ቁስ ብርሃንን የሚሰብርበት የታወቀ መጠን አለው። አንድ የመስታወት ዘንግ ትክክለኛ የስብረት መጠን ባለው ዘይት ውስጥ ቢነከር ከዐይን ይሰወራል፤ ብርሃኑ ከዘይቱ ወደ መስታወቱ ሲገባ የሚታጠፍበት ምክንያት የለውምና። ላቦራቶሪዎች መጠናቸው በጥንቃቄ የተለካ ዘይቶችን በብልቃጥ አሰልፈው ያስቀምጣሉ። ለክሪሶታይል 1.550፣ ለትሬሞላይት ቤተሰብ 1.605 ገደማ፣ ለአሞሳይት 1.670 ወይም 1.680፣ ለክሮሲዶላይት 1.700 የሆነውን ይመርጣሉ።

ቃጫውና ዘይቱ ግን ለሁሉም ቀለም እኩል አይስማሙም። ለአንድ የብርሃን ቀለም ሲገጥሙ ለሌሎቹ ጥቂት ይለያያሉ። ልዩ መጋረጃ ያለበት ሌንስ ሳይታጠፍ ያለፈውን ብርሃን ሲያግድ የታጠፈው ብቻ ይቀራል፤ ቃጫውም በጥቁር ዳራ ላይ ደማቅ ቀለም ለብሶ ይወጣል። ክሪሶታይል በ1.550 ዘይት ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ሐምራዊ ቀይ፣ በሌላው ሰማያዊ ይሆናል። ይህን ዘዴ በአስቤስቶስ ምርመራ ውስጥ ካስፋፉት መካከል ግንባር ቀደሙ የቺካጎው ኬሚስት ዋልተር ማክሮን (1916–2002) ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመው የአስቤስቶስ ቅንጣቶች አትላስ በሙያው የታወቀ ሥራ ነው።

አስመሳዮቹ

ፈተናው አንድ ብቻ ያልሆነው በከንቱ አይደለም። ተፈጥሮና ፋብሪካ አስቤስቶስን የሚመስሉ ብዙ ነገሮችን አፍርተዋል። የተቆራረጠ ፖሊኢታይሊን ፕላስቲክ የክሪሶታይልን ጥምዝምዝ ቅርጽ ይመስላል፤ በተሻገሩ ማጣሪያዎች መካከልም ያበራል። የሸረሪት ድር፣ የተፈጨ የቆዳ ብናኝ፣ የወረቀትና የጥጥ ቃጫም ልምድ የሌለውን ዐይን ያታልላሉ። ከማዕድናት ወገን ደግሞ ቃጫማ ታልክ፣ ወላስቶናይትና ብሩሳይት አሉ።

መድኃኒቱ ፈተናዎቹን መደራረብ ነው። ፕላስቲክና ጥጥ በምድጃ ሙቀት ተቃጥለው ይጠፋሉ፤ አስቤስቶስ ይቀራል። ወላስቶናይት ሲሽከረከር የማብራት ምልክቱ ከአስቤስቶስ በተለየ መልኩ ይገለባበጣል። ታልክ ደግሞ በዘይት ፈተና የሚያሳየው ቀለም ከክሪሶታይል ይለያል። ቅርጽ፣ ቀለም፣ የመጥፊያ ማዕዘን፣ የሰሌዳ ምልክትና የስብረት መጠን ሁሉም በአንድ ላይ ሲመሰክሩ ብቻ መርማሪው የማዕድኑን ስም በሪፖርቱ ላይ ይጽፋል።

የ1 በመቶ እንቆቅልሽ

በአሜሪካ አንድ ቁሳቁስ በሕግ «አስቤስቶስ ያለበት» የሚባለው መጠኑ ከ1 በመቶ ሲበልጥ ነው። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር የጤና ወሰን አድርጎ ይገነዘበዋል። ቁጥሩ ግን መነሻው የጤና ጥናት አልነበረም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደንቡ ሲወጣ በምርት ውስጥ ሆን ተብሎ የሚጨመርን አስቤስቶስ ለመከልከልና በጊዜው መሣሪያዎች ሊለካ የሚችለውን ለመወሰን የተቀመጠ መስመር ነው። ከ1 በመቶ በታች አስቤስቶስ ያለበት ልቅ ቁሳቁስም ቢቦካ አደገኛ አቧራ ሊያወጣ ይችላል።

የቁጥሩ ትርጉም መድበስበስ ያስከተለው መዘዝ በኒው ዮርክ ታይቷል። የዓለም የንግድ ማዕከል የሰሜኑ ሕንፃ ሲሠራ በታችኛዎቹ ፎቆች ብረት ላይ አስቤስቶስ ያለበት የእሳት መከላከያ ተረጭቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2001 ሕንፃዎቹ ሲፈርሱ አቧራው ታችኛውን ማንሃተን ሸፈነ። በሳምንቱ፣ በሴፕቴምበር 18፣ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቱ አየሩ ለመተንፈስ አስተማማኝ መሆኑን ለሕዝብ አሳወቀ። የድርጅቱ ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት ግን ያን የመሰለ ጥቅል ማረጋገጫ ለመስጠት በቂ መረጃ እንዳልነበረ ገለጸ። ከዚያ ቀን በፊት ከተመረመሩት የአቧራ ናሙናዎች ከሩብ በላይ የሚሆኑት የ1 በመቶውን መለኪያ አልፈው እንደነበርም አመለከተ።

መጠኑን መለካትም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። አንዱ መንገድ በዐይን ግምት ነው። ጥብቅ የሆነው ደግሞ ነጥብ ቆጠራ ይባላል። መርማሪው በመመልከቻው መስቀለኛ መስመር ሥር የሚወድቁ 400 ቅንጣቶችን እየቆጠረ ስንቱ አስቤስቶስ እንደሆነ ይመዘግባል። 4ቱ አስቤስቶስ ከሆኑ ውጤቱ 1 በመቶ ነው። ነገር ግን በትክክል 1 በመቶ ያለበት ናሙና በአንዱ ቆጠራ 2፣ በሌላው 6 ሊያሳይ ይችላል፤ ይህ የመርማሪው ስሕተት ሳይሆን የዕድል ባሕርይ ነው። በመሆኑም «0.75 በመቶ» የሚል ቁጥር በሪፖርት ላይ ያነበበ ሰው ከወሰኑ በታች ነው ብሎ ከመዝናናቱ በፊት ይህን ቢያስታውስ ይጠቅመዋል።

ብርሃን የማያየው

የብርሃን ማይክሮስኮፕ ትልቁ ድክመት የሚታየው በወለል ንጣፍ ላይ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአሜሪካ ቤቶች የተለመደው፣ ጎኑ 23 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ የቪኒል ንጣፍ በሚመረትበት ጊዜ አስቤስቶሱ እጅግ ደቅቆ ይገባል። ቃጫዎቹ በቪኒልና በሬንጅ ተለውሰው ስለሚሸፈኑ የፖላራይዝድ ብርሃን ማይክሮስኮፕ አንዳንዶቹን ጨርሶ አያያቸውም። የብርሃን ሞገድ ከራሱ ርዝመት እጅግ ያነሰን ነገር ለይቶ ማሳየት አይችልምና። በዚህም የተነሣ ንጣፉ ውስጥ አስቤስቶስ እያለ ሪፖርቱ «አልተገኘም» ሊል ይችላል።

የኒው ዮርክ ግዛት ለዚህ መፍትሔ አበጅቷል። እንዲህ ያሉ ቁሳቁሶች በብርሃን ማይክሮስኮፕ ነጻ ከተባሉ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ካልተረጋገጡ በቀር ነጻ አይባሉም። ናሙናው በምድጃ ይቃጠልና ቪኒሉና ሬንጁ ይወገዳሉ። ከዚያ በአሲድ ሲታጠብ የኖራ ድንጋይ ዱቄቱ ይሟሟል። የቀረው ወደ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይገባል።

ይህ መሣሪያ ሦስት ነገሮችን በአንድ ላይ ይመሰክራል። የቃጫውን ቅርጽ በአሥር ሺህ ጊዜ አጉልቶ ያሳያል። ኤሌክትሮኖች በክሪስታሉ ተበትነው የሚሠሩት የነጥቦች ንድፍ የአተሞቹን አሰላለፍ ይገልጣል። ከቃጫው የሚመነጨው ኤክስሬይ ደግሞ ማግኒዝየም፣ ብረት ወይም ካልሲየም እንዳለበት ይናገራል። ጉዳቱ ዋጋውና ጊዜው ነው። በተጨማሪም የሚመረምረው እጅግ ጥቂት ቁስ በመሆኑ፣ በናሙናው ውስጥ አልፎ አልፎ ብቻ ያለን ወፍራም የቃጫ ነዶ ሊስተው ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ መሣሪያዎች ይደጋገፋሉ እንጂ አይተካኩም።

አየርን መቁጠር

ቁሳቁስን መመርመርና አየርን መመርመር የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው «እዚህ ውስጥ ምን አለ?» ሲል፣ ሁለተኛው «ሰው ምን እየተነፈሰ ነው?» ይላል። ለአየር በስፋት የሚሠራበት የፌዝ ኮንትራስት ማይክሮስኮፕ ነው። አየሩ በማጣሪያ ወረቀት ውስጥ ይመጠጣል፤ ወረቀቱ በአሴቶን ተን ግልጽ ይደረጋል፤ መርማሪውም ርዝመታቸው ከ5 ማይክሮሜትር የሚበልጥ፣ ርዝመታቸው የውፍረታቸውን ቢያንስ ሦስት እጥፍ የሆኑ ቃጫዎችን ይቆጥራል። በአሜሪካ የሥራ ቦታ ወሰን በስምንት ሰዓት አማካይ በአንድ ኩብ ሴንቲሜትር አየር 0.1 ቃጫ ነው።

ይህ ዘዴ ሁለት ነገር አያውቅም። የቆጠረው ቃጫ አስቤስቶስ ይሁን ጥጥ ወይም መስታወት አይለይም። ከ0.25 ማይክሮሜትር የቀጠኑትንም በአብዛኛው አያይም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ የሥራ ቦታውን ወሰን አሥር ጊዜ ቀንሶ 0.01 ቃጫ ያደረገው፣ አባል አገሮችም እስከ 2029 መጨረሻ ድረስ ወደ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ወይም ተመጣጣኝ ዘዴ እንዲሸጋገሩ ያዘዘው ለዚህ ነው። ወሰኑ እየጠበበ ሲሄድ የቀድሞው መሣሪያ ሊያየው ከሚችለው በታች ይወርዳልና።

ከመዶሻው በፊት

አስቤስቶስ ያለበት ሁሉ በአስቸኳይ መነሣት አለበት ማለት አይደለም። ያልተሰነጠቀ፣ ያልተፋቀ፣ ማንም የማይነካው የሲሚንቶ ሉሕ ወይም የወለል ንጣፍ ቃጫውን አቅፎ ይኖራል። አደጋው የሚመጣው ሲበሳ፣ በማሽን ሲፈገፈግ፣ ሲሰበርና በደረቁ ሲጠረግ ነው። ቧንቧ ላይ የተጠመጠመና በእጅ ሲጫኑት የሚፈረፈር ሽፋን ግን ከሁሉ የከፋ ነው።

ስለዚህ በአሜሪካ ከ1980 በፊት፣ በብሪታንያ ከ2000 በፊት የተሠራ ቤት ለማደስ የሚያስብ ሰው ከመዶሻው በፊት ናሙና ማስመርመር ይገባዋል። ናሙናውን የሠለጠነ ሰው ቢወስደው ይመረጣል። ቦታው በውኃ ይረሳል፤ ትንሽ ቁራጭ እስከ ታችኛው ንብርብር ድረስ ይወሰዳል፤ በድርብ ከረጢት ይታሸጋል። አንድ ናሙና አይበቃም። የአሜሪካ የትምህርት ቤቶች ደንብ ለተረጨ ወይም ለተለሰነ ገጽ እንደ ስፋቱ ሦስት፣ አምስት ወይም ሰባት ናሙና ይጠይቃል፤ በእጅ የተደባለቀ ልስን ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው እኩል አይሆንምና።

በጽዳትና በጥገና ሥራ የተሰማሩም መብታቸውን ማወቅ ይገባቸዋል። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ሕግ መሠረት ከ1980 ወዲህ ባልተሠሩ ሕንፃዎች የሚገኝ የቧንቧ ሽፋን፣ የተረጨ ወይም የተለሰነ ገጽና የቪኒል ወለል በምርመራ ነጻ እስኪባል ድረስ አስቤስቶስ እንዳለበት ይቆጠራል። አሠሪው ይህን ለሠራተኛው የማሳወቅና ሥልጠና የመስጠት ግዴታ አለበት። «ማንም አልነገረኝም» የሚለው ቃል ከ30 ዓመት በኋላ በሐኪም ፊት የሚነገር መሆን የለበትም። በአገር ቤትም የወላጆቹን አሮጌ ሞገደኛ የሲሚንቶ ጣሪያ አፍርሶ አዲስ ቤት ለመሥራት የሚዘጋጅ ሰው ሉሑ ተሰባብሮ ለግቢ መደልደያ ከመዋሉ በፊት ይህንኑ ጥያቄ ማንሣት ይኖርበታል።

ሪፖርቱ በእጅ ሲገባም ውጤቱን ብቻ አንብቦ ማጠፍ አይበቃም። ላቦራቶሪው በአገሩ የዕውቅና ሰጪ አካል የተመሰከረለት ነውን? እያንዳንዱ ንብርብር ለብቻው ተመርምሯልን? የተጠቀሙት የትኛውን ማይክሮስኮፕ ነው? ናሙናው የወለል ንጣፍ ከሆነና የተመረመረው በብርሃን ብቻ ከሆነ «አልተገኘም» የሚለው መልስ ገና ያላለቀ መልስ ነው። የንጣፉ ሌላ ቁራጭ ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እስኪላክና መልሱ እስኪመጣ ድረስ ወለሉ ባለበት ቢቆይ፣ እድሳቱ በጥቂት ሳምንታት ቢዘገይ እንጂ ማንም አይጎዳም።